የነቀርሳ ዘመዶች፦ ሳንባን ቀስ በቀስ የሚያበላሹ ጀርሞች

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት በአንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ የቀረበ ንግግር)



እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሕሙማን በዕቃ ይዘው የሚመጡትን አክታ ተቀብዬ መመርመር ነው። "አክታ" ስል አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አዞራችሁ አይደል? ግድ የለም፣ ይለመዳል። ያ የምንጸየፈው አክታ ስለ አንድ ሰው ሳንባ ብዙ ነገር ይናገራል።

ዛሬ የመጣሁት ስለ ኤች አይ ቪ መተላለፊያ መንገዶች ለመናገር አይደለም። እሱን በሚገባ ታውቁታላችሁ፤ በክበባችሁ ድራማም ግጥምም ሠርታችሁበታል። የማነሣው ብዙ ያልተወራለትን ጉዳይ ነው፦ ነቀርሳ መስለው የሚመጡ፣ ነቀርሳ ግን ያልሆኑ ጀርሞች በሳንባ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት። ጉዳዩ ከኤች አይ ቪ ጋር፣ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር፣ እንዲሁም በየሰፈሩና በየክፍሉ ከምናየው መገለል ጋር የተያያዘ ነው። መልእክቴን ከጅምሩ ልንገራችሁ፦ የተበላሸ ሳንባ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ሳል ሲቆይ ጀርሙን በትክክልና በጊዜ ማወቅ ማለት ሳንባን ማትረፍ ማለት ነው።

ቀዩ ዘንግ ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ከተማ ውስጥ ይፋ አደረገ። የዓለም የቲቢ ቀን በየዓመቱ በዚሁ ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15 ቀን የሚከበረው ለዚህ ነው።

ይህን ባክቴሪያ ለማየት እስከ ዛሬ የምንጠቀምበት አንድ የቆየ ዘዴ አለ። አክታው በመስታወት ላይ በስሱ ይቀባል። ቀይ ቀለም ይፈስበትና በእሳት ይሞቃል። ከዚያ አሲድ ባለበት አልኮል ይታጠባል። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ይደረግበታል። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሲታጠቡ ቀዩን ቀለም ይለቁታል። የነቀርሳ ባክቴሪያ ግን አይለቅም። ምክንያቱም የውጭ ግድግዳው ሰም በሚመስል ቅባት የተሸፈነ ነው። በማይክሮስኮፕ 1,000 ጊዜ አጉልተን ስናየው በሰማያዊ ሜዳ ላይ የወደቀ ቀይ ቀጭን ዘንግ ይመስላል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያ የሰም ካባ የነቀርሳ ብቻ አይደለም። ማይኮባክቴሪያ የሚባለው ቤተሰብ በሙሉ ይለብሰዋል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የነቀርሳውና የሥጋ ደዌው ባክቴሪያ ይገኛሉ። ከእነርሱ ሌላ ከ190 በላይ ዝርያዎች ተለይተው ታውቀዋል። እነዚህን ሌሎቹን ነው ሳይንቲስቶች "ነቀርሳ ያልሆኑ ማይኮባክቴሪያዎች" የሚሏቸው። እኔ ዛሬ ለአጠራር እንዲቀለን "የነቀርሳ ዘመዶች" እላቸዋለሁ።

ሁሉም ሰውን አያሳምሙም። ሳንባን በማጥቃት ከሚታወቁት መካከል ማይኮባክቴሪየም አቪየምና የቅርብ ወገኖቹ፣ ማይኮባክቴሪየም ካንሳሲ፣ ማይኮባክቴሪየም አብሴሰስ እና ማይኮባክቴሪየም ዜኖፒ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ኧርነስት ራንየን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እነዚህን ጀርሞች በቀለማቸውና በዕድገታቸው ፍጥነት በአራት ቡድን ከፈላቸው። ስሞቹን በቃላችሁ እንድትይዙ አልጠይቃችሁም፤ ፈተና የለም። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ በማይክሮስኮፕ ስር ቀይ ዘንግ ስለታየ ብቻ ነቀርሳ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በዓይን ሲታዩ ዘመዳሞቹ አንድ ናቸው።

የሚኖሩት የት ነው?

የነቀርሳ ባክቴሪያ የሚኖረው በሰው ውስጥ ነው። ሳንባው የታመመ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር በአየር ላይ ይወጣና ሌላው ይስበዋል። ዘመዶቹ ግን መኖሪያቸው ሌላ ነው። በአፈር፣ በአቧራ፣ በወንዝና በሐይቅ ውኃ፣ በውኃ ቧንቧ ውስጥም ይኖራሉ። በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያዳልጥ ስስ ሽፋን ሠርተው ይለጠፋሉ። ውኃ ለማጣሪያ የምንጨምረውን ክሎሪን ከብዙ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይልቅ ይቋቋሙታል። እዚህም የሰም ካባቸው ያግዛቸዋል።

ወደ ሳንባ የሚገቡት ከውኃ በሚነሣ እንፋሎትና ርጭት ወይም ከአፈር በሚነሣ አቧራ ነው። ከሰው ወደ ሰው መተላለፋቸው የተለመደ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለ በዘር የሚወረስ የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሚታከሙባቸው ማዕከላት አብሴሰስ የተባለው ዝርያ ከሕሙማን ወደ ሕሙማን ሳይተላለፍ እንዳልቀረ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2016 የታተሙ ጥናቶች አመልክተዋል። ይህ ግን የተለየ ሁኔታ ነው። በአንድ ወንበር አብረው ስለተቀመጡ፣ በአንድ ትሪ ስለበሉ፣ ስለተጨባበጡ የሚይዝ በሽታ አይደለም።

"ታዲያ በየቀኑ ውኃና አቧራ የማይነካው ማን አለ? ሁላችንም አለቅን ማለት ነው?" ትሉ ይሆናል። አይደለም። ሁላችንም ከእነዚህ ጀርሞች ጋር በየጊዜው እንገናኛለን፤ አብዛኞቻችን ግን አንታመምም። ለምን? ሳንባ ጠባቂዎች ስላሉት ነው።

የሳንባ ጠባቂዎች

አንድ ሰው በቀን ወደ 20,000 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። አየሩ በትልቁ የአየር ቧንቧ ገብቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠነ በሚሄድ መንገድ ወደ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ይደርሳል። የከረጢቶቹ ቁጥር በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባው በእነዚህ ከረጢቶች ስስ ግድግዳ በኩል ነው።

የመጀመሪያው ጠባቂ በአየር መንገዱ ግድግዳ ላይ የሚገኘው ንፍጥና በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው። ንፍጡ አቧራውንና ጀርሙን ያጣብቃል። ፀጉሮቹ ደግሞ ሳያቋርጡ እየተወዛወዙ ወደ ላይ፣ ወደ ጉሮሮ ይጠርጉታል። ሌት ተቀን የማይተኛ ጽዳት ሠራተኛ በሉት።

ከዚህ ያመለጠ ጀርም ከረጢቱ ድረስ ሲወርድ ሁለተኛው ጠባቂ ያገኘዋል። ይህ ማክሮፌጅ የሚባለው ጀርም የሚውጥ ሕዋስ ነው። ብዙውን ባክቴሪያ ውጦ ይፈጨዋል። ማይኮባክቴሪያን ግን የሰም ካባው አላስፈጭ ይለዋል። ጀርሙ በዋጠው ሕዋስ ሆድ ውስጥ መኖር፣ አልፎም መራባት ይጀምራል።

በዚህ ጊዜ ማክሮፌጁ ሦስተኛውን ጠባቂ ይጠራል። እነዚህ ሲዲ ፎር የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። አዎ፣ እነዚያው ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው ሕዋሳት! ሲዲ ፎር ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለ መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። ማክሮፌጁ ይህን ሲያገኝ ኃይሉ ይጨምራል። ከዚያም ሕዋሳቱ ጀርሙን ከበው አጥር ይሠራሉ። ይህ አጥር ግራኑሎማ ይባላል። ጀርሙ ካልሞተ እንኳ ታስሮ ይቀመጣል።

ሳንባ እንዴት ይበላሻል?

ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው ሳንባን የሚበላው ጀርሙ ብቻ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሳንባ የሚጎዳው በጀርሙና በሰውነት መካከል በሚደረገው የረጅም ጊዜ ጦርነት ነው። ጦርነት የሚካሄድበት መንደር ደግሞ አይቃጠልም አይባልም።

የመጀመሪያው ዓይነት ጉዳት ክፍተት ነው። ግራኑሎማው እያደገ ሲሄድ መካከሉ ይሞታል፤ እንደ አይብ ይለሰልሳል። ይህ የሞተ ሥጋ በአየር መንገዱ በኩል በሳል ሲወጣ ቦታው ባዶ ዋሻ ይሆናል። በራጅ ሲታይ ብዙውን ጊዜ በሳንባው የላይኛው ክፍል ላይ ይገኛል። አየር እንደ ልብ የሚያገኝ ዋሻ ስለሆነ ጀርሙ በብዛት ይራባበታል። በግድግዳው ያለ የደም ሥር ከተበላ ደም ያስተፋል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለረጅም ዓመታት ሲጋራ ባጨሱ ወይም ቀድሞ የሳንባ በሽታ በነበራቸው ሰዎች ላይ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የአየር መንገዶች መስፋት ነው፤ ብሮንኪኤክታሲስ ይባላል። ጀርሙን ለመግደል የሚጎርፉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት የሚለቋቸው ኬሚካሎች ጀርሙን ብቻ ሳይሆን የአየር መንገዱን ግድግዳም ያላላሉ። የላላው መንገድ እንደ አረጀ ላስቲክ ተለጥጦ ይቀራል። ጠራጊዎቹ ፀጉሮች ይወድቃሉ። ንፍጡ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። በተከማቸው ንፍጥ ላይ ጀርም ይራባል፤ ጀርሙ ሌላ ብግነት ያመጣል፤ ብግነቱ መንገዱን ይበልጥ ያሰፋል። አያችሁ፣ ክቡ እየዞረ ይመለሳል! ይህ ዓይነቱ ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ፣ ቀጠን ባሉና በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይም በብዙ አገሮች ታይቷል። ስለዚህ "ያላጨሰ አይያዝም" ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ጠባሳ ነው። የቆሰለ ቦታ ሲድን በጠንካራ ሥጋ ይሞላል። በእጃችሁ ላይ ያለ ጠባሳ ጉዳት የለውም፤ የሳንባ ጠባሳ ግን አይነፋም፣ አይኮማተርም፣ ኦክስጅንም አያሳልፍም። ሰውየው ጀርሙ ከሰውነቱ ጠፍቶ እንኳ ዳገት ሲወጣ፣ እንስራ ሲሸከም፣ እርሻ ሲያርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል፤ ዋሻውን ግን አይደፍነውም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝግታ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከፋዋል። በባዮሎጂ እንደተማራችሁት አንዳንድ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ አንዴ ይከፈላል። ከነቀርሳ ዘመዶች ብዙዎቹ ግን በጣም ቀርፋፎች ናቸው፤ በላቦራቶሪ በምግብ ላይ ዘርተናቸው ለዓይን እስኪታዩ ሳምንታት ይፈጃሉ። ሕመሙም እንደዚያው ነው። ለወራት የሚቆይ ሳል፣ ድካም፣ አልፎ አልፎ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ። ሰው "ብርድ ነው" ይላል፤ "ሥራ በዝቶብኝ ነው" ይላል። ሳንባው ግን እያለቀ ነው።

ከወርቅ ጉድጓድ የተገኘ ትምህርት

ይህ በሽታ ማንን እንደሚመርጥ በግልጽ ካሳዩ ቦታዎች አንዱ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ነው። ወርቁ ያለበት ዐለት ሲቆፈር ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ብናኝ ይነሣል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ማክሮፌጆቹንም ይገድላቸዋል። ሲሊኮሲስ የሚባለውን ጠባሳ የሚያመጣው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእነዚህ ማዕድን አውጪዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች የነቀርሳ ዘመዶች፣ በተለይም ካንሳሲ የተባለው፣ በሠራተኞቹ ላይ በብዛት በሽታ እንደሚያመጡ አሳዩ። ይበልጥ የተጎዱት ሲሊኮሲስ ያለባቸው፣ ከዚህ በፊት ነቀርሳ የያዛቸውና ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ነበሩ።

እስቲ እነዚህን ሦስት ነገሮች አስተውሏቸው፦ ብናኝ፣ የቀድሞ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪ። በእኛም አገር ሦስቱ አሉ። ድንጋይ የሚጠርቡና የሚፈጩ ወጣቶች አሉን። ቤት ዘግተው በማገዶና በኩበት ጭስ የሚያበስሉ እናቶችና እህቶች አሉን፤ ጭሱም እንደ ሲጋራው ሳንባን ያደክማል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የነቀርሳ ሸክም አለባቸው ብሎ ከለያቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ ነቀርሳ ጠባሳ ትቶባቸው የዳኑ ብዙ ወገኖች አሉን። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችም ነቀርሳ ተጠርጥረው ከተመረመሩ ሰዎች አክታ ውስጥ የነቀርሳ ዘመዶችን አግኝተዋል።

ኤች አይ ቪ ሲጨመርበት

አጥሩን የሚያሠሩት ሲዲ ፎር ሕዋሳት ናቸው ብለናል። ኤች አይ ቪ እነርሱን ሲጨርስ አጥር ሠሪ አይኖርም። ያን ጊዜ ጀርሙ በሳንባ ብቻ አይቆምም። በተለይ አቪየምና ወገኖቹ በደም ተሰራጭተው ጉበት፣ ጣፊያ፣ የአጥንት መቅኔ፣ ንፊፊትና አንጀት ውስጥ ይገባሉ። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ሲዲ ፎር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ50 በታች ሲወርድ ነው። ውጤታማ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትም ሆነ የመከላከያ እንክብል ሳያገኙ አቅማቸው እጅግ ከተዳከመ 100 የኤድስ ሕሙማን መካከል ከ20 እስከ 40 የሚሆኑት በዚህ ሕመም ይያዙ ነበር።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በርካታ መድኃኒቶችን አጣምሮ የመስጠት ሕክምና ሲስፋፋ ይህ ቁጥር በእጅጉ ወረደ። ዛሬ በአሜሪካ የሕክምና መመሪያ መሠረት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ወዲያውኑ ለሚጀምር ሰው ለዚህ ጀርም ተብሎ የሚሰጥ የተለየ መከላከያ አያስፈልግም። ምን ማለት ነው? ከሁሉ የበለጠው መከላከያ ራሱ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ነው ማለት ነው! በአገራችንም ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ እየተሰጠ ነው።

ሁለት ነገር ግን መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት አንዳንድ ሰዎች ትኩሳትና የንፊፊት እብጠት ይመጣባቸዋል። ተዳክሞ የነበረው የመከላከል አቅም ነቅቶ የተደበቀውን ጀርም መዋጋት ሲጀምር የሚሆን ነው። "መድኃኒቱ አልተስማማኝም" ብሎ ማቋረጥ ሳይሆን ወደ ሐኪም መሄድ ነው መፍትሔው። ሁለተኛ፣ አቅሙ የተዳከመ ሰው ነቀርሳ ይዞትም በአክታው ላይታይ ይችላል። አጥርና ዋሻ ስለማይሠራ ወደ አክታ የሚወጣው ጀርም ያንሳል። በማይክሮስኮፕ ለማየት ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልገናል። ስለዚህ "አክታዬ ነፃ ነው ተባልኩ" ብሎ ሳሉን ችላ ማለት አይገባም።

እንዴት ይለያሉ? እንዴት ይታከማሉ?

ዛሬ ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥቅም ላይ እንዲውል የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን በአገራችንም በብዙ የጤና ተቋማት ይሠራበታል። መሣሪያው የነቀርሳን የዘር ቅንጣት ለይቶ ይፈልጋል፤ ውጤቱም ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይደርሳል። ዘመዶቹን ግን አይቆጥርም። በማይክሮስኮፕ ቀይ ዘንግ ታይቶ በጂን ኤክስፐርት ነቀርሳ ካልተገኘ "ምናልባት ዘመዱ ይሆን?" ብለን እንጠረጥራለን። ለማረጋገጥ አክታው በልዩ ላቦራቶሪ ተዘርቶ መብቀልና ዝርያው መለየት አለበት።

እነዚህ ጀርሞች በውኃና በአቧራ ስለሚገኙ አንድ ጊዜ በአክታ መገኘታቸው ብቻውን በሽታ አለ አያሰኝም። ሐኪሙ የሕመሙን ምልክትና ራጁን ያያል፤ በተለያየ ጊዜ የተሰጡ ቢያንስ ሁለት አክታዎች ተመሳሳይ ጀርም ማብቀላቸውን ይመለከታል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ምርመራ ነው።

ሕክምናውስ? የተለመደው ነቀርሳ በአብዛኛው በ6 ወር ይታከማል። አቪየም ግን ሦስት ዓይነት መድኃኒት ይፈልጋል፤ አዚትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን፣ ከእርሱ ጋር ኢታምቡቶልና ሪፋምፒሲን። የሚወሰደውም አክታው ከጀርሙ ነፃ ከሆነ በኋላ ቢያንስ ለ12 ወራት ነው። አብሴሰስ ደግሞ ለብዙ የነቀርሳ መድኃኒቶች አይበገርም። እንግዲህ አስቡት፦ ዘመዱ የያዘው ሰው የነቀርሳ መድኃኒት ቢሰጠው ጥቂት ሊሻለው ይችላል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ ለሁለቱም ይሠራሉና። በኋላ ግን ሳሉ ይመለሳል። ቤተሰቡ "መድኃኒቱን በትክክል አልወሰደም" ይለዋል። ጎረቤት "መቼም የሆነ ነገር ቢኖርበት ነው" ይላል። ሰውየው ያፍርና ቤቱ ይቀመጣል። በዚህ መካከል የሚያልፈው እያንዳንዱ ወር ከሳንባው ላይ የሚቆረስ ነው።

ከእናንተ የደረሱኝ ጥያቄዎች

ከዚህ ስብሰባ በፊት በጥያቄ ሳጥናችሁ ውስጥ ከተጻፉት ሦስቱን መርጫለሁ።

"የሚያስል የክፍል ጓደኛ አለኝ። መቀመጫ ልቀይር ወይ?"

መቀመጫ ከመቀየር ይልቅ መስኮት ክፈት። አየር የሚዘዋወርበት ክፍል የነቀርሳን መተላለፍ ይቀንሳል። ጓደኛህ ሲያስል አፉን በክንዱ ወይም በመሐረብ እንዲሸፍን በፍቅር ንገረው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለ ጤና ጣቢያ አብረኸው ሂድ። በእኛ አገር የቆየ ሳል በመጀመሪያ ነቀርሳ ተብሎ መመርመር አለበት፤ ስለ ዘመዶቹ የነገርኳችሁ ይህን እንድትዘነጉ አይደለም። ኤች አይ ቪ በደሙ የሚገኝ ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ ሳል እንደጀመረው ይመርመር። በሳሉ ግን ማንም የማንንም ደም ማወቅ አይችልም። የሚያስል ሁሉ ነቀርሳ የለበትም፤ ነቀርሳ ያለበት ሁሉም ኤች አይ ቪ የለበትም።

"በቧንቧ ውኃ መታጠብ ሊያስፈራን ይገባል ወይ?"

አይገባም። ጤነኛ ሳንባ ላለው ሰው ንጹሕ ውኃ ከሚያደርሰው ጉዳት የውኃ እጦት የሚያደርሰው ይበልጣል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለሳንባ ነው፦ ሲጋራና ሺሻ አለመጀመር፣ ድንጋይ ስትጠርቡ አፍና አፍንጫን መሸፈንና ብናኙን በውኃ ማርጠብ፣ የማብሰያ ቤትን መስኮት መክፈት።

ሦስተኛውን ሳነበው ቆም ብዬ አሰብኩ። ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ እንዲታወቅም አልፈልግም። እንዲህ ይላል፦ "እናቴ የነቀርሳ መድኃኒት ወስዳ ጨርሳለች። ድነሻል ተብላለች። አሁንም ታስላለች። ሰፈር ውስጥ ስለ እሷ ይወራል። ምን ላድርግ?"

ልጄ፣ መጀመሪያ እናትህ ወይም እናትሽ ምንም ያጠፉት ነገር የለም። መድኃኒት ከጨረሱ በኋላ የሚቀጥል ሳል ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ነቀርሳው ተመልሶ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ከነቀርሳው የቀረ ጠባሳ ወይም የሰፋ የአየር መንገድ ሊሆን ይችላል። ወይም ዛሬ የተነጋገርንበት ዘመድ በዚያ ጠባሳ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ወሬ ይህን አይለይም፤ ምርመራ ይለያል። ስለዚህ የቀድሞውን የሕክምና ካርድ ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ለባለሙያው ከዚህ በፊት መድኃኒት መውሰዳቸውን፣ መቼ እንደጀመሩና እንደጨረሱ ንገሩ። "አክታው በጂን ኤክስፐርት ይታይልን፤ ተዘርቶ የሚበቅለው ምርመራስ ያስፈልግ ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ከደረት ውስጥ ተስቦ የሚወጣ አክታ ለምርመራ ከምራቅ ይሻላል። የነቀርሳ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት የጤና ተቋማት በነፃ ነው። በራስ ፈቃድ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ግን ጀርሙን ማስተማር ነው፤ አይደረግም።

እንግዲህ ክበባችሁ ምን ይሥራ?

ውድ የክበቡ አባላት፣ ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ በሚኒ ሚዲያችሁ ስለ ሳል ተናገሩ። ስለ ኤች አይ ቪ ስትናገሩ ስለ ነቀርሳ፣ ስለ ነቀርሳ ስትናገሩ "መድኃኒት ጨርሶ ያልተሻለው ወደ ሐኪም ይመለስ" የሚለውን ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ራሳችሁን እወቁ። የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት በየጤና ጣቢያው አለ። ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በጊዜ ያወቀና መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው አጥር ሠሪ ሕዋሳቱን አዳነ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለሚያስለው ወገን ጀርባችሁን አትስጡ። አበው "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። እውነት ነው። ግን ሰው በሽታውን የሚደብቀው ወዶ አይደለም፤ እኛ እንዳንሸሸው ፈርቶ ነው። እኛ ካልሸሸነው እሱም አይደብቅም። ካልደበቀ ቶሎ ይመረመራል። ቶሎ ከተመረመረ ገና ያልተነካው የሳንባው ክፍል ይተርፍለታል።

በማይክሮስኮፕ ስር የማየው ቀይ ዘንግ የማን እንደሆነ ለመለየት እኔና ባልደረቦቼ እንተጋለን። አክታውን ይዞ የሚመጣው ሰው ሳያፍር እንዲመጣ ማድረግ ግን የእናንተ ሥራ ነው።